ምን ጠፍቶብኝ ልዙር ላልከው ለወንድሜ ለተስፋው

ይህን ደብዳቤ የሚጽፈው የጁማ እጅ ነው። ጁማ ማለት ከልጄ ከያምሮት ቤት አጠገብ ጨርቃ ጨርቅ የሚሸጠው፣ ባለፈው ስትመጣ ጋቢ የሸጠልህ ሰው ነው። እጁ የእሱ ይሁን እንጂ ቃሉ የእኔ የታላቅህ የወንድምአገኝ ነው። ፊደል ሳልቆጥር ሰባ አንድ ዓመት ኖሬያለሁ፤ ትናንትም አላፈርኩበት፣ ዛሬም አላፍርበት። ደብዳቤው ውስጥ ደግ ነገር ብታገኝ ከእኔ ነው፤ የሚጎረብጥ ነገር ብታገኝም ከእኔ ነው፤ ጁማን እንዳትታዘበው።

ለተወደድከው ታናሽ ወንድሜ ለተስፋው፣ እንደምን ሰንብተሃል? እንደምን ከርመሃል? ክረምቱ እንዴት ወጣላችሁ፣ በጋውስ እንዴት ገባላችሁ? የአርባ ምንጭ ሙቀት እንዴት ያደርግሃል? ባለቤትህ ሠርክአዲስ እንደምን አለች? ልጃችን ዓባይነሽስ? ወፍጮውስ ሳይሰበር ይፈጫል? እኔ መድኃኔ ዓለም ይመስገን ደህና ነኝ። ጉልበቴ ያስቸግረኛል፤ እሱም ካምናው ዘንድሮ ይሻላል። ያምሮት ደህና ናት። ልጄ ይታገሱም ገጠር ከነቤተሰቡ ደህና ነው፤ በቆሎው ጥሩ ያዘ፣ በርበሬውን ግን በሽታ ገባበት። ቀይቱ ላም ወልዳለች፣ ወንድ ጥጃ ነው። የጎደለን አንተ ብቻ ነህ ብዬ አላጽፍም፤ ብዙ ነገር ጎድሎናል። ከጎደለን ሁሉ የሚብሰው ግን አንተ ነህ።

የእግር ጣትህስ እንዴት ሆነ? ይህን ከሁሉ አስቀድሜ መጠየቅ ይገባኝ ነበር፤ ሰላምታ ሳይደርስ ቁስል አይጠየቅም ብዬ ነው ያቆየሁት።

ስልክ እያለ ወረቀት ምን አስፈለገ ትል ይሆናል። ስልክ ላይ እሺ ትላለህ። እሺ፣ እሺ፣ እሺ ትልና «ዝናቡ እንዴት ነው?» ብለህ ወሬውን ታዞርብኛለህ። ወረቀት እሺ ቢሉት ዝም አይልም፤ እስኪያልቅ ያወራል። ሠርክአዲስ ከገና በኋላ ለያምሮት ደውላ ሁሉን ነግራታለች። አትቆጣት፤ ደብቃን ቢሆን ኖሮ ነበር መቆጣት። ስኳርህ ከፍ ብሎ እንደተገኘ፣ ሐኪሙ ክብደት ቀንስ፣ ተንቀሳቀስ እንዳለህ፣ አንተ ግን ከጠዋት እስከ ማታ ከወፍጮ ቤቱ በር ላይ ካለው ወንበር እንደማትነሳ ሰምቻለሁ። ዓባይነሽ የመራመጃ ጫማ ገዝታ ብታመጣልህ አልጋ ሥር እንደወረወርከው ሰምቻለሁ። የቀኝ እግርህ ትንሿ ጣት ቆስላ ሦስት ሳምንት እንዳልዳነችም ሰምቻለሁ። ይህን ሁሉ ችዬው ነበር። ያልቻልኩት የመጨረሻውን ነው። ሠርክአዲስ «ተነስ እንጂ፣ ትንሽ ዞር ዞር በል» ስትልህ «ምን ጠፍቶብኝ ሜዳ ለሜዳ እዞራለሁ?» አልካት አሉ።

ያምሮት ይህን ስትነግረኝ ጉርሻ በእጄ ነበር፤ መልሼ አስቀመጥኩት። ቃሉ የማን እንደሆነ አንተም ታውቃለህ፣ እኔም አውቃለሁ። እደርስበታለሁ። አስቀድሜ ግን ሳልነግርህ የከረምኩትን የራሴን ጉድ ልንገርህ።

መሬቱን ለይታገሱ ለቅቄ ፍኖተ ሰላም ከገባሁ አራት ዓመቴ ነው። አርባ አምስት ዓመት እርፍ የጨበጠ ሰው ከተማ ሲገባ ምን ይሠራል? ይቀመጣል። ያምሮት እንደሁ እናቷን ነው የወጣችው፤ ሰው ካላጎረሰች ደስ አይላትም። ጠዋት እበላለሁ፣ እቀመጣለሁ፤ ቀን እበላለሁ፣ እቀመጣለሁ። ቤተ ክርስቲያን እንኳ ስሄድ ባጃጅ ታቆምልኛለች። በሁለት ዓመት ቀበቶዬ መጨረሻው ቀዳዳ ላይ ደረሰ፤ በሦስተኛው ቀበቶውን ትቼ ገመድ ታጠቅሁ። ሰዉ ደግሞ «አማረብህ፣ ከተማው ተስማማህ» ይለኛል፤ እኔም እውነት መስሎኝ ደረቴን እነፋለሁ። አገራችንን ታውቃለህ፤ የወፈረ ሰው አማረበት፣ የከሳ ሰው ምን ነካው ነው የሚባለው።

አምና ስቅለት ዕለት እንደ ወትሮዬ ከወንዶቹ ጋር ቆሜ መስገድ ጀመርኩ። ስንት እንደሰገድኩ አልቆጠርኩም፤ ሃያ ግን አይሞላም። አንዴ በግንባሬ እንደወደቅሁ ቀረሁ። እጄ አልገፋ አለኝ፣ ጉልበቴ አልታዘዝ አለኝ። ዙሪያዬን ሰው ይወድቃል፣ ይነሳል፤ እኔ መሬት እያሸተትኩ ተኝቻለሁ። ኋላ ሁለት ሰዎች በብብቴ ገብተው አነሱኝ። አንደኛው ማን ይመስልሃል? ያ በድንበር ሰባት ዓመት የተካሰስኩት ሰውዬ ነው። ክፉ አልተናገረኝም፤ «አይዞህ» ብቻ አለኝ። ተስፋው፣ ሰባት ዓመት ከፍርድ ቤት ፍርድ ቤት ሲያንከራትተኝ እንደዚያች «አይዞህ» ያደቀቀኝ ነገር የለም።

ፋሲካ እንዳለፈ ያምሮት ጎትታ ጤና ጣቢያ ወሰደችኝ። ሚዛን ላይ አቆሙኝ፤ ዘጠና ስምንት ኪሎ። በእኛ ጊዜ ሚዛን የሚወጣው ኑግና በርበሬ ነበር። ደም ግፊትም አለብህ ተባልኩ። ያየችኝ ውዳሴ የምትባል የጤና መኮንን ናት፤ ከያምሮት ታንሳለች፣ ስታወራ ዓይን ዓይን ነው የምታይ። ኪኒኑን ሰጠችኝና «አባቴ፣ በሳምንት አምስት ቀን፣ በቀን ግማሽ ግማሽ ሰዓት በእግርዎ ይሂዱ» አለችኝ። እኔን መሄድ ልታስተምሪኝ ነው? ከቡሬ ፍኖተ ሰላም በአንድ ቀን አህያ እየነዳሁ የምገባ ሰው ነበርኩ አልኳት። አልተቆጣችም። «አንድ ዓመት ሙሉ ሳይጠመድ ግጦሽ ላይ የከረመ በሬ በመጀመሪያው ቀን ስንት ትልም ያርሳል?» ብላ ጠየቀችኝ። የገበሬ ልጅ ናት ማለት ነው። እንዲህ ያለውን በሬ በመጀመሪያው ቀን እስከ ማታ የጠመደ ሰው በሬውን ገደለው። ኪኒኔን ይዤ ወጣሁ።

እውነቷን እንደሆነ ባውቅም ምክሯን አልሰማሁም። በሆዴ፣ መንቀሳቀስ መድኃኒት ከሆነ አብዝቶ መውሰድ ነው እንጂ በማንኪያ ምን ያደርጋል አልኩ። ሐምሌ ላይ ይታገሱ ለበቆሎ ኩትኳቶ ደቦ ሲጠራ ገጠር ወርጄ ዶማ አንስቼ ከጎረምሶቹ መሀል ገባሁ። እስከ ምሳ ድረስ ከነሱ እኩል ነበርኩ፤ ይታገሱ ይመስክር። ከምሳ በኋላ ጎንበስ እንዳልኩ ወገቤ ተቆለፈ። ተሸክመው ነው ቤት ያስገቡኝ። ደቦው የተጠራው በቆሎ ለመኮትኮት ነበር፤ ግማሹ ሰው እኔን ሲያሽ ዋለ። አራት ቀን ከአልጋ አልወረድኩም።

ውዳሴ ይህን ስትሰማ አልሳቀችም፤ እሱ ነው ያናደደኝ። እንደገና ከሀ ጀመረችልኝ። የመጀመሪያው ሳምንት አሥር ደቂቃ፤ በየሳምንቱ አምስት አምስት እየጨመሩ ግማሽ ሰዓት መድረስ። መሮጥ ለእኔ ጉልበት አይሆንም፤ መራመድ ግን ይሆናል። ከወንበር እጅ ሳይደገፉ አሥር ጊዜ መነሳት፣ መቀመጥ። ግድግዳ ይዞ በእግር ጣት መቆምና ተረከዝን ቀስ ብሎ መመለስ። በሁለት ትንንሽ ጠርሙስ ውኃ ሞልቶ በሁለት እጅ ወደ ላይ ማንሳት። «ይሄ የልጅ ጨዋታ ነው» ብዬ ከወንበሩ ስነሳ በስድስተኛው ላይ እግሬ ተንቀጠቀጠ፤ ስድብ አፌ ላይ መጥቶ ዋጥኩት። ደረቴን ጨነቅ ካደረገኝ ወይ ካዞረኝ ወዲያው ቁጭ ብዬ ሰው እንድጠራም አስጠነቀቀችኝ። የፍጥነቱን ልክ ስጠይቃት «እየሄዱ ማውራት ይችሉ፣ መዝፈን ግን አይችሉ» አለችኝ። መዝፈንማ ድሮም አልችል አልኳት። ያን ጊዜ ሳቀች።

አሁን ደግሞ ሌላ ችግር መጣ። ከቤት እወጣለሁ፤ ሰው አገኛለሁ። እንዴት አደርክ፣ እንዴት አደራችሁ፣ ልጆቹ ደህና፣ ከብቱ ደህና፣ የታመመችውስ ተሻላት? ሰላምታውን ጨርሼ ሁለት እርምጃ እንደሄድኩ ሌላው ይመጣል። በወሩ ውዳሴ ስትጠይቀኝ በየቀኑ ግማሽ ሰዓት እሄዳለሁ አልኳት፤ አልዋሸሁም። ያምሮት ግን አጋለጠችኝ፤ «የሚሄደው ከበራችን እስከ ጁማ ሱቅ ነው» አለቻት። ከበራችን እስከ ጁማ ሱቅ ሃምሳ እርምጃ ቢሆን ነው። ውዳሴም ሰላምታው ከስፖርቱ እንደማይቆጠር፣ ሰው ባልበዛበት በጠዋት እንድወጣ፣ ያገኘሁትን እጅ ነስቼ እንዳልፍ፣ አንገቴን ሳልደፋ ፊት ለፊት እያየሁ እንድሄድ መከረችኝ።

እንዳለችኝ አደረግሁ። ኅዳር ገብቶ ነበር። ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ተነሳሁ። ነጠላዬ እግሬን እንዳይጠልፈኝ ወገቤ ላይ አገለደምኩት። ዱላዬን ይዤ በቡሬ መንገድ ወጣሁ፤ ልመለስ ያሰብኩት የአክስታችን ልጅ የአቻምየለሽ ደጅ ካለው ዋርካ ስደርስ ነው። መንገድ ላይ ሁለት ሰዎች ፍየል ሲነዱ አገኘሁ። እንዴት አደርክ አሉኝ፤ እጄን አንስቼ አለፍኩ። ቀጥሎ ውኃ የምትቀዳ ሴት፤ እጄን አንስቼ አለፍኩ። አንተ ከአገር ከወጣህ ሠላሳ ዓመት ቢሆንህም ነገሩ ገብቶሃል። ሽማግሌ ሰው፣ በማለዳ፣ ከብት ሳይነዳ፣ ነጠላውን አገልድሞ፣ ሰላምታ ሳይመልስ እየፈጠነ ሲሄድ ምን ይዞ ነው የሚሄደው? መርዶ ነው። እኔ ራሴ እንዲያ ያለ ሰው ባይ ተነስቼ ነበር የምከተለው። ያን ጠዋት ግን የማስበው ትንፋሼን ብቻ ነበር።

ከኋላዬ ኮቴ ይሰማኛል። ገበያተኛ ነው ብዬ ዞር አላልኩም። ዋርካው ጋ ደርሼ ግንዱን ደገፍ ብዬ ዞር ብል ሃያ የሚሆን ሰው ተከትሎኛል፤ ወንዱም ሴቱም ነጠላውን አገልድሟል። አቻምየለሽ ጆግ ይዛ ወጣች። ልጇ ባምላኩ ሰሊጥ አጨዳ ብሎ መተማ ከወረደ ሁለት ወሩ፣ ስልኩ ከጠፋ አንድ ወሩ እንደሆነ እኔ አላወቅሁም ነበር። እኔን አየች፣ ከኋላዬ ያለውን ሰው አየች፤ ጆጉ ከእጇ ወደቀ። ማን ሞተ ብላም አልጠየቀች። «ልጄን» ብላ መሬት ላይ ተቀመጠች። ያ ሁሉ ሰው ይህችን ሲጠብቅ ኖሮ በአንድ ጊዜ ለቅሶውን ለቀቀው። እኔም፣ አፈር ልብላና፣ ማን ሞቶ ነው ብዬ ከጎኔ የቆመውን ሰው ጠየቅሁት። «መርዶውን ያመጣኸው አንተ አይደለህ እንዴ?» አለኝ።

ትንፋሼን እስክሰበስብ ብዙ ጊዜ ሄደ። ከዚያ በጩኸት፣ ማንም አልሞተም፣ እኔ ስፖርት እየሠራሁ ነው አልኩ። ለቅሶው ተቆረጠ። አንድ ሽማግሌ «ስፖርት? ከነግልድሙ?» አለ። አንዲት ሴት እንባዋን ሳትጠርግ ሳቋ አመለጣት፤ ሌላውም ተከተላት። አቻምየለሽ ግን አልሳቀችም። ተነስታ አጠገቤ መጣችና «አንተ ቦርጭህን ልታጎድል ብለህ የእኔን ነፍስ ታጎድላለህ? ዕድሜ ሰጥቶህ አእምሮ ነሳህ?» አለችኝ። እውነቷን ነው።

እዚያው ዋርካው ሥር ሽማግሌ ተቀመጠ። ድንጋይ በማጅራቴ ተሸክሜ ይቅርታ እንድጠይቃት ተፈረደብኝ። ያመጡልኝ ድንጋይ ቀላል አልነበረም፤ ሆን ብለው ይመስለኛል። ጎንበስ ብዬ አነሳሁት፤ ወገቤ አልተቆለፈም። ውዳሴ በወንበር ስታስነሳኝ የከረመችው ነገር እውነት መሆኑን ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው፤ ያን ግን እዚያ ቆሜ መናገር አልቻልኩም። አቻምየለሽ ድንጋዩን አላወረደችልኝም። የልጄን ድምፅ ሳልሰማ አላወርድልህም ብላ ወጥራ ያዘች። ሰው ተሯሩጦ፣ አብረውት የወረዱትን ስልክ አፈላልጎ፣ እሱ እስኪገኝ እኔ ድንጋዬን እግሬ ሥር አስቀምጬ ተቀመጥኩ። ረፋድ ላይ ባምላኩ ተገኘ፤ ስልኩን ሸጦት ነው። ድምፁን ስትሰማ አንጀቷ ራሰ። እንደገና ተሸከምኩ፣ አወረደችልኝ። ሽማግሌዎቹም ካሁን በኋላ በሰው ደጅ ሳልፍ ከሩቁ «ደህና ነው! ደህና ነው!» እያልኩ እንዳልፍ ወሰኑ።

ይኸው እስከ ዛሬ በየጠዋቱ ደህና ነው እያልኩ አልፋለሁ። የመንገዱ ሰውም «ደህና ያድርግህ» ይለኛል። ውዳሴ ስነግራት፣ ደህና ነው ማለት ካቃተዎት ፈጥነዋል ማለት ነው፣ ቀስ ይበሉ አለችኝ። ጁማም ገብቶበታል፤ የሱብሂ ሶላቱን ሰግዶ ሲወጣ ደጄ ላይ ይጠብቀኛል። ቀኑን ሙሉ ጣቃ ላይ ተቀምጦ የሚውል ሰው ነው፤ ቦርጩ ከእኔ አያንስም። ይህን አልጽፍም ብሎኝ ነበር፤ ጻፍ አልኩት። አሁን ዘጠና ሦስት ኪሎ ነኝ። አምስት ኪሎ ለዘጠኝ ወር ምን አላት ትል ይሆናል፤ ቀበቶዬን ግን ታጥቄያለሁ፣ ግፊቱም ወርዷል። ዘንድሮ ጥምቀት ታቦቱን በእግሬ ሸኝቼ በእግሬ መልሻለሁ። ባጃጅ አላየሁም።

አሁን ወደዚያ ቃል ልምጣ። ጁማ፣ ብዕርህን አጥብቀህ ያዝ።

አሥር ዓመት ይሆነዋል። የጊዮርጊስ ማኅበር በታላቃችን በአያ ክንዱ ቤት ነበር። አንተም ለዕረፍት መጥተህ ከእኔ ቀጥለህ ተቀምጠሃል። አያ ክንዱ ባሕር ዳር ታክሞ ስኳር ነው ተብሎ፣ ማታ ማታ ተራመድ ብለውት አንድ ወር ሙሉ የግጦሹን ዳር ሲዞር ከርሟል። ደስ ብሎት ነበር የሚያወራው። እንቅልፍ ይወስደኝ ጀመር፣ እግሬን ማቃጠሉም ተወኝ እያለ ነበር። ቤቱ ሞልቷል፣ ጠላው ደርሷል፣ እኔ ደግሞ ሰው ማሳቅ እወዳለሁ። አፌን ከፈትኩና እንዲህ አልኩ፤ «ሰው ከብት ሳይነዳ ሜዳ የሚዞረው አንድም አብዶ ነው፣ አንድም የጠፋ ነገር ሲፈልግ ነው። አያ ክንዱ፣ ምን ጠፍቶብህ ነው የምትዞረው?»

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። አንተም ስትስቅ ጠላው ጉልበትህ ላይ ፈሰሰ። እሱም ሳቀ። በማግስቱ ማታ ግን አልወጣም። በሳልስቱም አልወጣም። ማንም ለምን ቀረህ አላለውም። እኔማ ያሸነፍኩ መስሎኝ ነበር። በሁለተኛው ዓመት እግሩን ከጉልበቱ በታች ቆረጡት፤ በሦስተኛው ቀበርነው። የምንቀብር ዕለት አንተ መንገድ ላይ ነበርክና አልደረስክም፤ አስከሬኑን ይዘን ወንዙን ስንሻገር ከፊት በግራ በኩል የተሸከምኩት እኔ ነበርኩ።

ውዳሴን ጠይቄያታለሁ፤ ያ ቃል ገድሎታል ወይ ብዬ። ስኳር ብዙ መንገድ አለው፣ ይህ ነው ተብሎ አይታወቅም፣ መራመዱን መተዋቸው ግን አልጠቀማቸውም አለችኝ። ልታጽናናኝ እንደሆነ ገብቶኛል። እኔ ገበሬ ነኝ፤ የዘራሁትን ሳየው አውቀዋለሁ። አሁን ደግሞ አርባ ምንጭ ድረስ ሄዶ በአንተ አፍ በቀለ።

በሰው ፊት የተነገረ ቃል የሚመለሰው በሰው ፊት ነው። ያን ቀን ከነበሩት ማኅበርተኞች በሕይወት ያሉት አራት ናቸው። ባለፈው የጊዮርጊስ ዕለት ለአራቱም ቆሜ ነገርኳቸው። አንዱ «ድሮ ያለፈ ነገር ነው፣ ተወው» አለኝ፤ አልተውኩትም። ከሰሙት የቀረኸው አንተ ነህ። እንግዲህ በጁማ ምስክርነት ስማ፤ ያ ቃል ጅልነት ነበር። ወንድሜን በሳቅ ወንበሩ ላይ አሰርኩት። ቃሌን መልሼ ወስጃለሁ። ካሁን በኋላ አያ ወንድም እንዳለው ብለህ አትናገረው፤ ብትናገረው የራስህ ነው፣ ዕዳውም የራስህ ነው።

አሁን የምልህን አድርግ። ዛሬውኑ ተነስተህ ተራመድ አልልህም። ውዳሴን ስለ ጣትህ ስነግራት፣ ቁስል ያለበት የስኳር እግር አይራመዱበትም፣ አስቀድሞ ሐኪም ይየው ብላለች። ቅጠልም አመድም እንዳታስነካው፤ ሂድና አሳየው፣ አጥበው ያስሩልህ። እስኪድን ያ የምትወደው ወንበር ላይ ተቀመጥ፤ ተቀምጠህ ግን ሥራ። አንድ እግርህን ዘርጋና አምስት እስክትቆጥር አየር ላይ አቆየው፤ ከዚያ ሌላውን። ጠርሙሶቹን በሁለት እጅህ አንሳ፣ አውርድ። በየቀኑ ማታ እግርህን ሠርክአዲስ ትይልህ፣ በጣቶችህ መሀል ሳይቀር። ሐኪሙ ዳነ፣ ተራመድ ሲልህ ጫማውን ከአልጋው ሥር አውጣ፤ ከማጥለቅህ በፊት ጠጠር እንዳይኖር እጅህን አስገብተህ ዳብስ። መድኃኒት የምትወስድ ከሆነም ቢያዞርህ የምትልሰው ከረሜላ ከኪስህ አይጥፋ። መጀመሪያው አሥር ደቂቃ ነው። እንደ እኔ ደቦ ውስጥ እንዳትገባ።

እህል ሊያስፈጩ የመጡት ሴቶች፣ ባለ ወፍጮው ጠርሙስ ሲያነሳ አይተው ይስቁብህ ይሆናል። ሳቅ ሰው አይገድልም ብዬ አልዋሽህም። የሚገድለው ግን ሲሸነፉለት ነው። እነሱ ስቀው፣ ዱቄታቸውን ተሸክመው ይሄዳሉ፤ እግሩ የአንተ ነው።

መልስ ብለህ በስልክ እሺ አትበለኝ፤ እሺህን አልፈልገውም። ዓባይነሽ ለያምሮት ትደውልና ቁስሉ መታየቱን ትንገራት፤ እሷን አምናለሁ። ተስፋው፣ እኔ ታላቅህ ነኝ። ክንዱ ሄደ፤ ቀጥሎ ያለሁት እኔ ነኝ፤ ከእኔ ኋላ አንተ ነህ። ሲጠሩን የኖርነው በዚህ ተራ ነው፣ ምግብ ሲቀርብልንም በዚህ ተራ ነው። የእኔን ሬሳ መሸከም የአንተ ድርሻ ነው፤ ለእሱ የሚሆን እግር ያስፈልግሃል። የአንተን የምሸከምበት ትከሻ እኔ የለኝም። ተራዬን አትውሰድብኝ።

ለሠርክአዲስ፣ የደወልሽው ደግ አደረግሽ፣ እግዚአብሔር ይስጥሽ በልልኝ። ለዓባይነሽ፣ ጫማው የተወረወረው በአባትሽ እጅ ቢሆንም በአጎትሽ አፍ ነው፣ ይቅር በይኝ በልልኝ። ለሠርክአዲስ እናት ለእማሆይ ወለተ ሐና፣ በጸሎት አስቡን ብሏል በላቸው፤ ጉልበታቸውን እግዚአብሔር ያጽናላቸው። ከዚህ ያምሮት፣ ይታገሱ ከነባለቤቱና ከነልጆቹ፣ አቻምየለሽ፣ ከመተማ በደህና የተመለሰው ባምላኩም እጅ ይነሷችኋል። ጁማና ባለቤቱ ኡምሀኒም ሰላም ብለዋችኋል።

ፍኖተ ሰላም፣ ጥር 27 ቀን 2015 ዓ.ም.

ታላቅህ ወንድምአገኝ

በል ጁማ፣ አሁን አንብብልኝ። ሰላምታውን እለፈው፤ አያ ክንዱ ካለበት ጀምር። እኔ እንዳልኩት ሳይሆን አለስልሰህ የጻፍከው ካለ ሰርዘው፤ እዚያ ላይ የተናገርኩት እንደተናገርኩት ይሂድለት።